ፑዲንጉን ማን ሠራው?

አጋታ ክሪስቲ በ1960 እ.ኤ.አ. «የገና ፑዲንግ ጀብዱ» የተሰኘውን ታሪኳን በመጽሐፍ አወጣች። መነሻው በ1923 በመጽሔት የታተመ አጠር ያለ ትረካ ነበር። የአንድ ምሥራቃዊ ልዑል የከበረ ቀይ ድንጋይ ይሰረቃል። በረዶ በለበሰ የእንግሊዝ ገጠር፣ በገና ማዕድ ላይ፣ ከፑዲንጉ ሆድ ብቅ ይላል። መርማሪው ፖይሮ ሌባውን ይደርስበታል፤ እኛም እፎይ እንላለን።

ታዲያ የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፎ ይተኛ? የለም። እኛ ድንጋዩን ማን ደበቀው ከማለት ይልቅ ፑዲንጉን ማን ሠራው እንላለን።

በ1927 የብሪታንያ የኢምፓየር ገበያ ቦርድ ከንጉሡ ወጥ ቤት የተገኘ የገና ፑዲንግ አሠራር አሰራጨ። ዘቢቡ ከአውስትራሊያ፣ ቀረፋው ከህንድ ወይም ከሲሎን፣ ቅርንፉዱ ከዛንዚባር፣ ሮሙ ከጃማይካ። ዓላማው የቅኝ ግዛትን ምርት መሸጥ ነበር። የጃማይካ ሸንኮራ ግን ሥሩ በባሪያ ጉልበት ነው፤ ባርነትን የሻረው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ1834 ነው። በዛንዚባርም ባርነት ሕጋዊነቱን ያጣው በ1897 ነው። እንግዲህ አንድ ሳህን ስንቱን አገር ተሸክሟል!

ክሪስቲ ራሷ አንድ ፍንጭ ትታልናለች። ፖይሮን ፑዲንጉን እንዳይበላ በብጣሽ ወረቀት ያስጠነቀቀችው የቤቱ ሠራተኛ ናት። መርዝ መስሏት ተሳስታ ይሆናል፤ ነገር መኖሩን ግን ጌቶቿ ሳያውቁ እሷ ሰምታለች። የታሪክ ጸሐፊም ሳሎን ከመግባቱ በፊት ማድ ቤቱን ያንኳኳ።