የላሊበላ ፎቶግራፍ አንሺዎችና ባልደረቦቻቸው

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል ሲቀመጥ ላሊበላን አይቶ ነበር። በ1540 በሊዝቦን በታተመው መጽሐፉ የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ነገር ከዘረዘረ በኋላ፥ ከዚህ አብልጦ ቢጽፍ የሚያምነው እንዳያጣ ፈርቶ፥ ያየውና የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሎ አረጋገጠ። ስለ ሕንጻ መማል ያስፈለገው በአገሩ ያለው አንባቢ ቃሉን የሚያመሳክርበት ሥዕል ስላልነበረው ነው። ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ የመጣው ፎቶግራፍ ይህን መሐላ የሚተካ መስሎ ታየ። ይሁን እንጂ በላስታ ተራሮች ላይ አንድ ፎቶግራፍ እንዲወጣ ካሜራውን የሚይዘው፥ ጓዙን በበቅሎ የሚጭነው፥ መንገዱን የሚመራውና የቤተ ክርስቲያኑን በር የሚከፍተው ሰው ሁሉ መተባበር ነበረባቸው። ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈው ስም ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። የላሊበላ ፎቶግራፍ ታሪክ እስካሁን የተተረከው በዚሁ በአንድ ስም በኩል ስለ ሆነ፥ የባልደረቦቹን ድርሻ እንደገና መመርመር ተገቢ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ፥ መጻሕፍቱ በታተሙበት በአውሮጳ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የፎቶግራፍ ሙያተኞች ጓድ ሆነው በዚያ አገር ሲያልፉ በመጀመሪያ የሚታወቁት በ1868 ነው። በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘምት፥ ከመሐንዲሶቹ 10ኛ ሻምበል ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ዋና ሥራቸው የመንገዱን ካርታና ንድፍ እያነሡ ለአዛዦች ማባዛት ነበር፤ የአገሩን መልክ፥ የሰፈሩንና የመቅደላን አምባ ያነሡት ከዚሁ ጋር አያይዘው ነው። በዚያ ዘመን ሥዕሉ የሚያርፈው በመስተዋት ላይ ነው። መስተዋቱ ኮሎዲዮን በተባለ ፈሳሽ ይቀባና በብር ናይትሬት ይነከራል፤ ከዚያ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ ገብቶ ብርሃን ካገኘ በኋላ፥ አሁንም ሳይደርቅ በጨለማ ድንኳን ይታጠባል። ከደረቀ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ካሜራው በሚቆምበት ስፍራ ሁሉ ድንኳኑ፥ መድኃኒቱ፥ የመስተዋቱ ሣጥንና ንጹሕ ውሃ አብረው መገኘት አለባቸው። አንዱ ሲያነሣ ሌላው ይቀባል፥ ሌላው ያጥባል፥ ሌላው ውሃ ይቀዳል። ይህን ሥራ ብቻውን ተጕዞ በደጋው ላይ ሊፈጽም የሚችል ሰው እምብዛም አይገኝም።

ያ ጦር ከአሸንጌ ሐይቅ አልፎ፥ በዋግሹም ጎበዜ ፈቃድ የዋግንና የላስታን ተራሮች አቋርጦ ወደ ወድላ ደጋ ወጣ እንጂ ወደ ላሊበላ አልታጠፈም። ወደ ላሊበላ የሄደው ከጦሩ ጋር የነበረው ጀርመናዊው መንገደኛ ጌርሃርድ ሮልፍስ ነው፤ እርሱም መቅደላ ከተያዘች በኋላ በዚያው ዓመት አብያተ ክርስቲያናቱን ጐብኝቶ ያየውን ጽፎ አሳተመ። ከእርሱ በኋላ ፈረንሳዊው የቆንስላ ሹም አሺል ራፍሬ በ1882 በፓሪስ ስለ ላሊበላ ያወጣው መጽሐፍ በንድፍና በእጅ ሥዕል የተሞላ ነበር።

የእጅ ሥዕል ይህን ያህል የዘገየ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ እንዳይቈጠር የስፍራውን ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል። ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ ወደ 33 ሜትር፥ ስፋቱ ወደ 23 ሜትር፥ ቁመቱ ወደ 11 ሜትር ነው። ሕንጻው የቆመው ከዙሪያው ተቈፍሮ በወጣ ጕድጓድ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ፎቶግራፍ አንሺው ወደ ኋላ ልራቅ ቢል ጀርባው ከቋጥኙ ግድግዳ ይጋጫል። ከአፋፉ ላይ ቢቆም ጣራው ይታየዋል እንጂ በሩ አይታየውም፤ ከታች ቢቆም በሩን ያገኛል፥ ጣራውን ያጣል። ፀሐይ ወደ ጕድጓዱ በደንብ የምትገባው ቀትር አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜም አንዱ ግድግዳ ሲነጣ ሌላው ይጠቍራል። በውስጥ ደግሞ ጨለማው የበረታ ነው። በቤተ ማርያም የጣራውንና የቅስቱን ሥዕል ለማንሣት የካሜራው ዐይን ረጅም ጊዜ ተከፍቶ መቆየት አለበት፤ ያ ካልሆነ ከውጭ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሰው ወይም የሚነድ ማግኒዝየም ያስፈልጋል። በዚያው ቤተ ክርስቲያን መካከል የቆመውና ዓምደ ብርሃን የሚባለው ምሰሶ በጨርቅ እንደ ተሸፈነ ስለሚኖር፥ ካሜራ የያዘም ያልያዘም ጐብኝ የሚያየው መሸፈኛውን ብቻ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ትብብርን ግድ የሚለው በዓሉ ነው። በልደት ዕለት በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲዜም ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። እኩሌቶቹ በአፋፉ ላይ ዙሪያውን ቆመው የመላእክትን፥ እኩሌቶቹ ከታች በጕድጓዱ ሆነው የእረኞችን ስፍራ ይዘው ይቀባበላሉ። አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በሁለቱም ስፍራ ሊገኝ አይችልም። ከታች ያለው ሽቅብ ሲያነሣ ነጭ የለበሱ ካህናትን በሰማይ ዳርቻ ላይ ያገኛል፤ ከላይ ያለው ቍልቍል ሲያነሣ ጥንግ ድርቡን፥ ከበሮውንና የሕዝቡን ብዛት ያገኛል። ሥርዓቱን ሙሉ አድርጎ ለማሳየት የሁለቱ ሥዕሎች መያያዝ የግድ ነው፤ ከመጀመሪያውም ሥርዓቱ ራሱ የቅብብል ሥርዓት ነውና።

በዚያው ጊዜ በአዲስ አበባ የፎቶግራፍ ሙያ የከተማና የቤተ መንግሥት ሥራ ሆኖ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያውም ወደ ልጆቹ ተላለፈ። የላስታን አብያተ ክርስቲያናት ካሜራ ይዞ በስፋት መመርመሩ ግን ለጥናት ጓዶች ቀረ። የጀርመን የአክሱም ጓድ በ1906 ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ምሳሌ አቁሞ ነበር፤ በኤኖ ሊትማን መሪነት አርክቴክቱ ዳንኤል ክሬንከር ሲለካና ሲነድፍ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበርና፥ በ1913 በበርሊን የታተመው ሥራቸው ልኬትንና ፎቶግራፍን አጣምሮ ይዟል።

ለላሊበላ ተመሳሳይ ጓድ የመጣው ግን በክፉ ዘመን ነው። ኢጣልያ አገሪቱን በያዘችበት ጊዜ አሌሳንድሮ አውጉስቶ ሞንቲ ዴላ ኮርቴ በላስታ ጥናት አካሂዶ በ1940 በሮማ መጽሐፍ አወጣ። ሠዓሊው ሊኖ ቢያንኪ ባሪቪዬራ አብሮት ነበር፤ እርሱም ካሜራ በጠባቡ ጕድጓድ ውስጥ ሊይዘው ያልቻለውን ሕንጻ በእጁ ነድፎ በብረት ላይ ቀረጸ፥ ከጦርነቱም በኋላ አሳተመው። ሥራቸው ለዛሬ ተመራማሪ እጅግ ይጠቅማል። የተሠራው ግን በወራሪ ሥልጣን ሥር እንደ ሆነ መርሳት አይገባም፤ በሩን የከፈተው ካህን ያን ጊዜ እንቢ ለማለት ምን ያህል ነጻነት እንደ ነበረው ሥዕሉ አይናገርም።

በ1958 ኢርምጋርድ ቢደር የተባለች ጀርመናዊት ስለ ላሊበላ ባለ ብዙ ሥዕል መጽሐፍ አወጣች። በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮጵላን በበጋ ወራት በላሊበላ አጠገብ በሣር ሜዳ ላይ ማረፍ ሲጀምር፥ በበቅሎ የብዙ ቀን የነበረው ጕዞ የሰዓታት ሆነ። የአገር ጐብኝዎች መሥሪያ ቤትም በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የኢትዮጵያን ሥዕል በማስታወቂያ ወረቀት ወደ ውጭ አገር መላክ ያዘ። ክረምት ሲገባ ግን ሜዳው ስለሚጨቀይ ላሊበላ እንደ ጥንቱ ለበቅሎ ትመለስ ነበር።

የጥናትና የፎቶግራፍ ትብብር ከፍ ካለ ደረጃ የደረሰው በስዊሱ ጌኦርግ ጌርስተር ሥራ ነው። ጌርስተር በዙሪክ የተማረ ጋዜጠኛና ፎቶግራፍ አንሺ ሲሆን፥ በ1968 በጀርመንኛ ያሳተመው የውቅር አብያተ ክርስቲያናት መጽሐፍ ከሁለት ዓመት በኋላ በእንግሊዝኛ ወጣ። መጽሐፉ ላሊበላን ብቻ ሳይሆን በዋሻ ውስጥ የታነጸውን ይምርሐነ ክርስቶስንና ገነተ ማርያምን፥ የትግራይንም አብያተ ክርስቲያናት ያሳያል። ጌርስተር ሥዕሉን ብቻውን እንዲናገር አልተወውም፤ ዴቪድ ባክስተንንና ኤርንስት ሐመርሽሚትን የመሰሉ ሊቃውንት ስለ ሕንጻውና ስለ ሃይማኖቱ ጽሑፍ ጨምረውበታል። ፎቶግራፍ አንሺው የሊቃውንቱን ጥያቄ ይዞ ወደ ዋሻው ይገባል፤ ሊቃውንቱ ደግሞ የእርሱን ሥዕል ይዘው በጠረጴዛቸው ላይ ይመረምራሉ።

ሆኖም ከእነዚህ ሊቃውንት በፊት ሌላ ባልደረባ አለ፤ ይኸውም ስፍራውን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። ለትግራይ ይህ በግልጽ ይታወቃል። አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በ1966 በአዲስ አበባ በተደረገው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ የ123 ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር ሲያቀርቡ፥ ከዚያ ወዲያ የሄዱት ፎቶግራፍ አንሺዎች ብዙዎቹ የተጓዙት በእርሳቸው ዝርዝር ላይ ነው። በላስታ ግን ይህን ድርሻ የፈጸሙት ቄሰ ገበዞች፥ መሪዎችና በቅሎ ነጂዎች በጽሑፍ የተከበረ ዝርዝር ስላልተዉ ስማቸው ከሥዕሉ ጋር አልተጓዘም። መስቀሉን ከዕቃ ቤት የሚያወጣው፥ ታቦት ካለበት ወዲህ የሚቆምበትን ወሰን የሚያሳየው፥ ብርሃን በየትኛው መስኮት በስንት ሰዓት እንደሚገባ የሚያውቀው እርሱ ነው። በየዕለቱ በዚያ የሚቀድስ ካህን የብርሃኑን ሰዓት ለማወቅ የመለኪያ መሣሪያ አያስፈልገውም። ደግሞም ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴቶች እንዲገቡ አይፈቀድም። ሴት ፎቶግራፍ አንሺ በዚያ በግድግዳ የተቀረጹትን የቅዱሳን ምስሎች ብትፈልግ፥ ያለ ወንድ ባልደረባ ልታገኛቸው አትችልም።

ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው ለምስጋና ብቻ አይደለም። ፎቶግራፉ መቼ፥ ከየት፥ በማን እርዳታ እንደ ተነሣ ካልታወቀ ምስክርነቱ ይናጋል። በ1950ዎቹ ዝናብ እንዳይገባቸው ተብሎ አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሬንጅ ተቀብተው ከላዩ ቀይ ቀለም ተለቀለቁ። ከ1966 ጀምሮ ኢጣልያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ በዓለም አቀፍ የቅርስ ድርጅት ገንዘብ ጥገና ሲጀምር ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ይህን ልባስ ማስለቀቅ ነበር። እንግዲህ የአንድን ግድግዳ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ይዞ ስለ ጥንቱ መልክ የሚከራከር ሰው፥ ዘመኑ ካልተጻፈለት፥ የዋሻ ጠራቢዎቹን ሥራ ከልባሹ ሊለይ አይችልም። ላሊበላ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ገባች፤ በ2008 ደግሞ በአምስት አብያተ ክርስቲያናት ላይ አራት ታላላቅ የብረት መጠለያዎች ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ቤተ መድኃኔ ዓለምን ከነሰማዩ ማንሣት አይቻልም። ስንጥቁ ሰፍቶ እንደ ሆነ፥ የቅርጹ ጠርዝ ተሸርፎ እንደ ሆነ የሚመረምር መሐንዲስ የሚያመሳክረው ከመጠለያው በፊት የተነሡትን ሥዕሎች ነው፤ የተነሡበትም ቦታ ከታወቀለት በዚያው ቦታ ቆሞ ደግሞ ያነሣል።

የሙያተኞች ጓደኝነት ስለ አንድ አገር ምን ያህል የተለያየ ነገር ሊያሳይ እንደሚችል በ1980ዎቹ ታይቷል። በ1983 ግራሃም ሃንኮክና ሪቻርድ ፓንክኸርስት የጻፉት፥ ደንከን ዊሌትስ ፎቶግራፉን ያነሣው መጽሐፍ የኢትዮጵያን ውበት ለዓለም አቀረበ። በዓመቱ፥ በጥቅምት 1984፥ የዊሌትስ የሥራ ባልደረባ ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ከጋዜጠኛው ማይክል በርክ ጋር ከላስታ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለችው በኮረም የረኃቡን እልቂት ቀረጸ፤ ዓለምም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እነዚህን ተራሮች ያወቀው በዚያ ሥዕል ነው። አሚን በ1991 በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ክንዱን አጣ፥ ድምፅ ቀራጭ ባልደረባውም ሞተ። የካሜራ ጓደኝነት አንዳንድ ጊዜ የሚከፈልበት ዋጋ እንዲህ ያለ ነው።

በ1990 የወጣው የካሮል ቤክዊዝና የአንጀላ ፊሸር መጽሐፍ በሌላ መንገድ ይታያል። አሜሪካዊቷና አውስትራሊያዊቷ ፎቶግራፍ አንሺዎች በኢትዮጵያና በአፍሪቃ ቀንድ አብረው ተጉዘው ሲያነሡ፥ በሽፋኑ ላይ የሁለቱ ስም ጐን ለጐን ሰፈረ። በዚህ ሙያ ስሙን ከባልደረባው ጋር እኩል የሚያካፍል ሰው ብዙ አይደለም።

በ1997 አፍሮ አይገባ የሚባለው የቤተ መድኃኔ ዓለም መስቀል ተሰርቆ ወደ ቤልጅግ ሄደ፤ በ2001 ወደ አገሩ ተመለሰ። ብዙ ጊዜ የታየና የተነሣ መስቀል የትም ቢወሰድ ማንነቱን ለመሸሸግ ያስቸግራል። በላሊበላ ዛሬም ካህኑ ለጐብኝ ከመጋረጃው ፊት ቆሞ መስቀሉን ከፍ አድርጎ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ የካሜራ ብልጭታ ዐይኑን ስለሚመታው፥ አንዳንዱ ካህን መስቀሉን ከማንሣቱ በፊት ከቀሚሱ ኪስ ጥቍር መነጽር አውጥቶ ያደርጋል።