ሁለት ጓደኛሞች፣ አንድ ሞተር ሳይክልና ብዙ ሽቦ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከቅርብ ጓደኛችሁ ጋር የማታውቁት አገር ለመሄድ ቆርጣችሁ ተነስታችኋል እንበል። የሁለታችሁ ገንዘብ ቢደመር ግን የመንገዱን ግማሽ አያደርስም። ትቀራላችሁ ወይስ ትሄዳላችሁ?

እኔና ጓደኛዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ስንሄድ መልሳችን "እንሄዳለን" ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ማን ብዙ ውኃ ገዛ በሚል ተኮራርፈን ግማሽ ቀን አልተነጋገርንም። ከዚያ በኋላ ነው እንደኛ ያሉ መንገደኞችን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት። ዛሬ የማወራችሁ በጣም የወደድኩትን ነው።

ጊዜው ጥር 1952 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 1944 ዓ.ም.። ሁለት አርጀንቲናውያን ከቦነስ አይረስ በአንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ተነሱ። አንደኛው የ29 ዓመቱ ባዮኬሚስት አልቤርቶ ግራናዶ ነው። ሁለተኛው የሕክምና ትምህርቱን ገና ያልጨረሰው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አስም የነበረበት የ23 ዓመቱ ኤርኔስቶ ጉቬራ። አዎ፣ ያ ቼ ጉቬራ! ወላጆቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ስሙን በመዝሙር ሳይቀር ይጠሩት የነበረው። ስለ ኋለኛው ሕይወቱ፣ በተለይም ከኩባ አብዮት በኋላ በላ ካባኛ እስር ቤት ስለተፈጸሙት ግድያዎች፣ ከባድ ክርክር አለ፤ መኖርም አለበት። በዚህ ጉዞ ላይ ግን ገና ገንዘብ የሌለው ተማሪ ነው።

ሞተር ሳይክሏ 500 ሲሲ ኖርተን ነበረች። "ላ ፖዴሮሳ" ማለትም "ኃያሏ" ብለው ሰየሟት። ስሟ ከጉልበቷ ጋር አልገጠመም። የካምፕ ዕቃ፣ ድንኳን፣ ልብስ፣ መጽሐፍ፣ የማብሰያ ዕቃ ሁሉ ከኋላ ተጫነባት፤ በዚያ ላይ ሁለት ሰው። ጉቬራ በማስታወሻው እንደጻፈው ከኋላ ያለው ክብደት የፊት ጎማውን ያነሳው ነበር። ትንሽ ከተዘናጉ መሬት ላይ ናቸው።

ይሄን ስታነቡ የፈረስ ጋሪ አስቡ። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ዕቃው በሙሉ ከጎማው ኋላ ቢጫን ምን ይሆናል? ፊቱ ይነሳል፣ ፈረሱም አብሮ ሊንጠለጠል ይደርሳል። በሞተር ሳይክልም ያው ነው። የኋላ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ እንደ ሚዛን ምሰሶ ነው። ከምሰሶው በኋላ የተቀመጠ እያንዳንዱ ኪሎ ፊቱን ወደ ላይ ይገፋል፤ ከምሰሶው በራቀ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። የፊት ጎማ መሬቱን አጥብቆ ካልያዘ ደግሞ መሪው ለጌጥ ነው። እኔ መሐንዲስ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ማስታወሻውን ሳነብ "ድንኳኑን ወደ ፊት አምጡት!" ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

እነሱ ግን ዕቃ ከማሸጋሸግ ይልቅ ሽቦ መረጡ። ብሎን ሲወድቅ ሽቦ፣ የሆነ ነገር ሲላቀቅ ሽቦ። ቺሊ ውስጥ የመሪው ዘንግ ተሰበረ፣ የካምቢዮው የአሉሚኒየም ቤትም ተሰባበረ። ይሄ በሽቦ የሚታሰር አይደለም። ከዚያ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አላቸው፣ መንገድ ላይ ከነበሩ ላሞች ጋርም ተጋጩ። በመጨረሻ ላ ፖዴሮሳ በሰው መኪና ተጭና ሳንቲያጎ ደረሰች፤ እዚያው ቀረች። ሁለቱ ጓደኛሞች ከዚያ በኋላ ሊፍት የሚለምኑ እግረኞች ሆኑ።

እስከዚያ እንዴት ጠገቡ ካላችሁ፣ ዘዴ ነበራቸው። ቴሙኮ በምትባል የቺሊ ከተማ ወደ አንድ ጋዜጣ ሄደው ስለራሳቸው አወሩ። ጋዜጣውም ሁለት አርጀንቲናውያን የሥጋ ደዌ ሊቃውንት በሞተር ሳይክል እየተጓዙ ነው ብሎ ጻፈ። አንደኛው "ሊቅ" ገና አልተመረቀም! ግን ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ሰዎች የሚቀበሏቸው ሌላ ሆነ፤ ጋራዥም ምግብም ተገኘ። ሌላው ዘዴ "የዓመት በዓል" ነው። ሰው ያለበት ቦታ ተቀምጠው አንዱ ጮክ ብሎ ዛሬ ጉዞ የጀመርንበት አንደኛ ዓመት ነው፣ የምናከብርበት ግን የለንም ይላል። ሰሚው መጠጥ ይጋብዛል። ጥቂት እንደጠጡ ጉቬራ ብርጭቆውን ይገፋል። ምነው ሲባል፣ እያፈረ፣ በአገሬ ያለ ምግብ አይጠጣም ይላል። ምግቡ ይመጣል።

ያስቃል፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን የጋበዟቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከእነሱ የባሱ ድሆች እንደነበሩ አትርሱ። በዚህ ዘመንም ሻንጣ ተሸክሞ "በነጻ ዓለምን ዞርኩ" የሚል ሰው ስታዩ የከፈለለት ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ከቫልፓራይሶ ወደብ ወደ ሰሜን የሄዱት በድብቅ ነው። "ሳን አንቶኒዮ" የምትባል መርከብ ላይ ወጥተው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተደበቁ፤ ባሕር መሐል ሲደርሱ ራሳቸውን ገለጡ። ካፒቴኑ ወደ ባሕር አልወረወራቸውም፣ ሥራ ሰጣቸው፦ ግራናዶ ድንች ልጣጭ፣ ጉቬራ መጸዳጃ ቤት ጽዳት። ለሁለት ሰው ወዳጅነት ከዚህ የበለጠ ፈተና አላውቅም።

አንቶፋጋስታ ወርደው ወደ ቹኪካማታ የመዳብ ማዕድን ሲያመሩ፣ አታካማ በረሃ ውስጥ ከአንድ የማዕድን ሠራተኛና ከሚስቱ ጋር አንድ ሌሊት አደሩ። ሰውየው ኮሚኒስት ነህ ተብሎ ታስሮ የተፈታ፣ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት ነው። ባልና ሚስቱ የሚለብሱት አንድ ብርድ ልብስ እንኳ አልነበራቸውም። ጓደኛሞቹ ካላቸው አንዱን ሰጥተው በሌላው ሁለቱ ተጠቀለሉ። ጉቬራ በሕይወቱ እንደዚያ ሌሊት የበረደው ጊዜ ጥቂት እንደሆነ ጽፏል።

በረሃ ለምን ይበርዳል? አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው። የውኃ ተንና ደመና ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ይዘው ከፊሉን ይመልሳሉ። አታካማ ከዓለም ደረቅ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ፀሐይ ስትገባ መሬቱ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ሰማይ ይለቃል። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። አፋር ወይም ኦጋዴን ያደጋችሁ "የኛስ ሌሊቱም ይሞቃል" ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ፣ ዝቅተኛ ቦታና እርጥበት ያለው አየር ሌላ ነገር ነው።

ከፔሩ ብዙ መናገር ይቻላል። ኩዝኮን አይተዋል፣ ማቹ ፒቹን አይተዋል። እኔ ግን በአማዞን ወንዝ ዳር ወደሚገኘው የሳን ፓብሎ የሥጋ ደዌ መንደር ልዝለል። እዚያ የነበሩት ስድስት መቶ ገደማ ሕሙማን ከኅብረተሰቡ ተገልለው የሚኖሩ ናቸው። ሁለቱ እንግዶች እጃቸውን ጨበጡ፣ አብረዋቸው ተቀመጡ፣ እግር ኳስ ተጫወቱ። ይሄ ድፍረት ብቻ አልነበረም፣ እውቀትም ነበር። በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ኖርዌያዊው ሐንሰን ያገኘው በ1873 ነው፤ በ1940ዎቹ ደግሞ ሰልፎን የተባሉት መድኃኒቶች ሥራ ጀምረው ነበር። ባክቴሪያው በጣም ዘገምተኛ ነው፣ አንዴ ለመከፈል ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስድበታል። አብዛኛው ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። በመጨባበጥ አይያዙም። ሳይንሱ ቀድሞ ደርሷል፣ ፍርሃቱ ግን አልሄደም። አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል አካባቢ ያደገ ሰው ይሄ ፍርሃት በእኛም አገር ስንት ሰው ከቤቱ እንዳፈናቀለ ያውቃል።

ሲሰናበቱ የመንደሩ ሰዎች ከግንድ የተሠራ ታንኳ ሰጧቸው። "ማምቦ ታንጎ" ተባለ። ዕቅዱ በወንዙ እየተንሳፈፉ የኮሎምቢያዋ ሌቲሲያ መድረስ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ገምቱ፦ የሚንሳፈፍ ታንኳን በመሪ ማዞር ይቻላል? አይቻልም! መሪ የሚሠራው ውኃ በጎኑ ሲያልፍ ነው። ታንኳው ከወንዙ ጋር እኩል ፍጥነት የሚሄድ ከሆነ ግን በአጠገቡ የሚያልፍ ውኃ የለም፤ መሪውን ብታዞሩት ቆመ ኩሬ ውስጥ እንዳዞራችሁት ነው። መውጫው መቅዘፍ ብቻ ነው፣ ለመቅዘፍ ደግሞ መንቃት ያስፈልጋል። እነሱ ተኝተው ነበር። ሲነቁ ሌቲሲያ ኋላቸው ቀርታለች፣ ያሉት ብራዚል ነው። በትንሽ ጀልባ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ሆነ።

ሌቲሲያ ሲደርሱ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የአካባቢውን የእግር ኳስ ቡድን እያሠለጠኑ ቆዩ። ከዚያ በአውሮፕላን ቦጎታ፣ ከቦጎታ ደግሞ ካራካስ። ሐምሌ ላይ ነው።

ካራካስ ላይ ተለያዩ። ግራናዶ የሥጋ ደዌ ሕክምና ተቋም ውስጥ ሥራ አገኘ። ጉቬራ ፈረስ በጫነ አውሮፕላን በማያሚ በኩል ወደ አገሩ ተመልሶ ትምህርቱን መጨረስ ነበረበት። ለሰባት ወር ገደማ አንድ ብርድ ልብስ የተጋሩ ሰዎች ናቸው፣ እና ዳግም ለመገናኘት ስምንት ዓመት ፈጀባቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጉቬራ ማስታወሻውን ከጉዞው በኋላ እንደገና ነው የጻፈው፤ በመንገድ የነበረው ሰው አሁን እንደሌለም ራሱ መግቢያው ላይ ይነግረናል። ግራናዶም የራሱ ማስታወሻ አለው። ዕድል ካገኛችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቡ። አንዱ የዘለለውን ሌላው ያወራዋል፤ ያን ጊዜ ጓደኛችሁ የእናንተን ጉዞ እንዴት እንደሚያወራው ማሰባችሁ አይቀርም። እኔ የውኃውን ጉዳይ ጠይቄው ነበር። እሱ ገዛሁ አለኝ።

ጉቬራ በ1967 ቦሊቪያ ውስጥ ተገደለ። ግራናዶ በ1961 ኩባ ገብቶ እዚያው ኖረ፣ ሲያስተምርና ሲመራመር። በመጋቢት 2011 በ88 ዓመቱ አረፈ። አመዱ እንደ ፍላጎቱ በሦስት አገሮች ተበተነ፦ በአርጀንቲና፣ በኩባና ከጓደኛው በተለየባት በቬኔዙዌላ።