ከስሞቹ በስተጀርባ፦ የ1980ዎቹ «ኒው ዌቭ»፣ «ኢንዲ» እና «ኦልተርናቲቭ» ባንዶች ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ በ1970ዎቹ መገባደጃና በ1980ዎቹ በብሪታንያና በአሜሪካ ስለተነሡ የሮክ ባንዶች ነው። ለይቼ ካልገለጽሁ በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውሳለሁ።

እነዚህን ባንዶች የሚወድ ሰው በሦስት ስሞች ይጠራቸዋል፤ «ኒው ዌቭ» ወይም አዲስ ሞገድ፣ «ኢንዲ» ወይም ነጻ፣ «ኦልተርናቲቭ» ወይም አማራጭ። ብዙ መጻሕፍትም ሦስቱን እንደ ሦስት የሙዚቃ ስልቶች ይዘረዝሯቸዋል። የእኔ ክርክር ከዚህ ይለያል። ሦስቱም ስሞች ከድምፅ ይልቅ ከንግድ አደረጃጀት የተወለዱ ናቸው። ስለሆነም ሙዚቃውን በሚገባ ለማድነቅ «እንዴት ይሰማል?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ማን ከፈለበት? ማን አሳተመው? ማን አከፋፈለው? የማንስ ንብረት ሆነ?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

ከመጀመሪያው ስም ልነሣ። «አዲስ ሞገድ» የሚለው ሐረግ አስቀድሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተነሡት የፈረንሳይ ፊልም ሠሪዎች መጠሪያ ነበር። በአሜሪካ የሮክ ገበያ ውስጥ እንዲለመድ ከጣሩት ሰዎች ዋነኛው የሳየር ሪከርድስ ኩባንያ መሥራች ሲሞር ስታይን ነው። ስታይን ሲቢጂቢ በተባለው የኒውዮርክ ክበብ ይጫወቱ ከነበሩት መካከል ራሞንስንና ቶኪንግ ሄድስን አስፈርሞ ነበር። የሬዲዮ ጣቢያዎች ግን «ፐንክ» የሚለው ቃል ያስደነግጣቸው ነበርና ሸክላዎቹን ለማሰማት ያመነቱ ነበር። ኩባንያው ሙዚቃውን ሳይለውጥ ስሙን ለወጠው። «ኒው ዌቭ» በገበያው የገነነው እንዲህ ባለ የሻጭ ብልሃት ነው።

ዛሬ ከስሙ ጋር የምናያይዘው የሲንተሳይዘር ድምፅና ያጌጠ አለባበስ በስፋት የተጫነበት ዘግይቶ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ሥራ የጀመረው ኤምቲቪ ቀኑን ሙሉ የሚያሳየው የሙዚቃ ፊልም ያስፈልገው ነበር። አሜሪካውያን ባንዶች በዚያን ጊዜ በቂ ፊልም አልነበራቸውም፤ የብሪታንያ ባንዶች ግን ነበራቸው። የሼፊልዱ ሂውማን ሊግ በ1982 ክረምት በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ለመሆን የበቃው ከዚህ አጋጣሚ ጋር ተያይዞ ነው። በዚህ መንገድ የኩባንያ መለያ የነበረው ቃል የስልት ስም ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው ስም የሚወስደን ወደ ማንቸስተር ነው። በሰኔ 1976 ሃዋርድ ዴቮቶና ፒት ሼሊ የተባሉ ወጣቶች ሴክስ ፒስቶልስን ከለንደን አስመጥተው በከተማቸው ትንሽ አዳራሽ አጫወቱ። ታዳሚው ጥቂት ነበር፤ ከመካከሉ ግን በኋላ ጆይ ዲቪዥንን የመሠረቱት በርናርድ ሰምነርና ፒተር ሁክ ይገኙበታል። ዴቮቶና ሼሊም ባዝኮክስ የተባለውን ባንድ አቋቁመው ከቤተሰብና ከወዳጅ 500 ፓውንድ ያህል ተበደሩ፤ በጥር 1977 አራት ዘፈኖች የያዘች «ስፓይራል ስክራች» የተሰኘች ሸክላ በራሳቸው ስም አሳተሙ። የመጀመሪያው እትም 1,000 ቅጂ ነበር። በሽፋኑ ላይ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀዳ ተጽፏል። ይህ ለአንባቢው መልእክት ነበረው፤ ሸክላ መቅዳት ምሥጢር አለመሆኑን፣ ማንም ተበድሮና ተባብሮ ሊሠራው እንደሚችል ያሳያል።

ማሳተም ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ ሸክላውን ወደ ገዢው የሚያደርስ መንገድ ያስፈልጋል። ጄፍ ትራቪስ በ1976 በምዕራብ ለንደን የከፈተው ራፍ ትሬድ የተባለ ሙዚቃ ቤት ይህን ክፍተት መሙላት ጀመረ። ቆይቶም በብሪስቶል፣ በዮርክ፣ በሊቨርፑል፣ በኖርዊች፣ በኤድንብራና በሌሎች ከተሞች ካሉ መሰሎቹ ጋር «ካርቴል» የተባለ የጋራ ማከፋፈያ መረብ ዘረጋ። በጥር 1980 የነጻ ሸክላዎች ሽያጭ ሰንጠረዥ መታተም ሲጀምር የመግቢያው መስፈርት አንድ ነበር፤ ሸክላው በታላላቅ ኩባንያዎች የማከፋፈያ መረብ ያልተሸጠ መሆን ይኖርበታል። ስለ ጊታሩም ሆነ ስለ ግጥሙ የሚጠይቅ አልነበረም። ለዚህም ነው በ1980ዎቹ መገባደጃ የካይሊ ሚኖግ የዳንስ ዘፈኖች፣ በነጻ አከፋፋይ በኩል ስለተሸጡ፣ በዚሁ ሰንጠረዥ የሰፈሩት። ካይሊን «ኢንዲ» ብሎ የሚጠራ አድማጭ ዛሬ አይገኝም፤ በደንቡ መሠረት ግን ነበረች።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። «አደረጃጀቱ የነጋዴ ጉዳይ ነው፤ እኛ የምንወደው ሙዚቃውን ነው» ሊባል ይችላል። መልሴን በማንቸስተሩ ፋክተሪ ሪከርድስ ላስረዳ። ቶኒ ዊልሰንና አላን ኢራዝመስ የጀመሩት ይህ ኩባንያ ወጪው ከተነሣ በኋላ ትርፉን ከባንዱ ጋር እኩል ይካፈል ነበር፤ የተቀዳው ሥራም የሙዚቀኞቹ ንብረት ሆኖ ይቀጥል ነበር። ጆይ ዲቪዥን የመጀመሪያ አልበሙን «አንኖውን ፕሌዠርስ»ን በ1979 በስቶክፖርት ከተማ ሲቀዳ ፕሮዲዩሰሩ ማርቲን ሃኔት ከበሮውን ከሌላው ድምፅ ነጥሎ በዲጂታል የማስተጋቢያ መሣሪያ አሳለፈው፤ በመድረክ ይጮህ የነበረው ባንድ በሸክላው ላይ ከባዶ አዳራሽ የሚመጣ ያህል ራቅ ብሎ ተሰማ። ሰምነርና ሁክ በጊዜው ውጤቱን አልወደዱትም ነበር። ፒተር ሳቪል የሠራው ሽፋንም በፊት ገጹ የባንዱን ስም አልያዘም፤ በ1967 በካምብሪጅ የተገኘችው ፑልሳር የምትልከው የሬዲዮ ምት በነጭ መስመር በጥቁር ላይ ተስሎበታል። የገበያ ክፍል ኃላፊ፣ የሽያጭ ትንበያና የጸደቀ የማስታወቂያ ዕቅድ ባለበት ድርጅት ውስጥ ስም አልባ ሽፋንና ባንዱ ራሱ የተጠራጠረው ቅንብር አብረው ያልፋሉ ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ያ የሚደነቀው ዝምታ የተሰማው ዝም የሚያሰኝ አለቃ ስላልነበረ ነው።

ድምፃዊው ኢያን ከርቲስ በግንቦት 1980 ራሱን ካጠፋ በኋላ የቀሩት አባላት ኒው ኦርደር በሚል ስም ቀጠሉ። በመጋቢት 1983 የወጣው «ብሉ መንደይ» ከሰባት ደቂቃ በላይ የሚረዝም፣ ለሬዲዮ የማይመች ባለ 12 ኢንች ሸክላ ነበር። የኮምፒውተር ፍሎፒ ዲስክ መስሎ የተቆረጠው ሽፋኑ የባንዱንም የዘፈኑንም ስም በፊደል ሳይሆን በቀለማት ምልክት ብቻ ይነግራል። ያም ሆኖ በብሪታንያ ታሪክ ከባለ 12 ኢንች ነጠላ ዜማዎች ሁሉ በሽያጭ የሚስተካከለው አልተገኘም።

ይህን ስል ነጻነት በራሱ ፍትሕን ያመጣል ማለቴ አይደለም። የታሪክ ተማሪ የሚያደንቀውንም ነገር መመርመር ይገባዋል። በ1992 ፋክተሪ በዕዳ ሲጨነቅ ሎንደን ሪከርድስ ሊገዛው ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ሥራዎቹ የሙዚቀኞቹ መሆናቸው ሲታወቅ ሽያጩ ሳይፈጸም ቀረ፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከሰረ። ሙዚቀኞቹን የጠበቀው ውል ድርጅቱን ከመውደቅ ሊያድነው አልቻለም። ከራፍ ትሬድ ባንዶች እጅግ ዝነኛ በሆነው በዘ ስሚዝስ ውስጥም ከበሮ መቺው ማይክ ጆይስ ከሸክላና ከመድረክ ገቢ 10 በመቶ ብቻ ሲደርሰው ኖሮ በ1996 በፍርድ ቤት ሩብ ድርሻ እንዲሰጠው ተወስኖለታል። ከታላላቅ ኩባንያዎች ነጻ የሆነ ባንድ በውስጡ እኩልነት የሌለበት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ስም «ኦልተርናቲቭ» ከአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ጣቢያዎች ጋር የተቆራኘ ነው። ተማሪዎች የሚያስተዳድሯቸው እነዚህ ጣቢያዎች በማስታወቂያ ገቢ ስለማይተዳደሩ የንግድ ጣቢያዎች የማይነኩትን ሸክላ ያሰሙ ነበር። በ1980 በጆርጂያ ግዛት በአቴንስ ከተማ የተመሠረተው አር.ኢ.ኤም. ስሙ የተስፋፋው በእነርሱ በኩል ነው። በመስከረም 1988 ግን የንግዱ መጽሔት ቢልቦርድ ለዚህ ሙዚቃ የራሱን ሰንጠረዥ ከፈተ፤ አር.ኢ.ኤም. በዚያው ዓመት ከዋርነር ጋር ተፈራረመ። በጥር 1992 በታላቁ በጌፈን ኩባንያ ሥር የወጣው የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» በአሜሪካ የአልበም ሽያጭ አንደኛ ወጣ። ቃሉ አልተለወጠም፤ «ለምኑ አማራጭ?» ለሚለው ጥያቄ የነበረው መልስ ግን ጠፋ።

ይህ ታሪክ ወደ እኛ የደረሰበትን አንድ አጋጣሚ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በጥቅምት 1984 ከኮረም የተላለፈውን የቢቢሲ ዘገባ የተመለከተው የቡምታውን ራትሱ ቦብ ጌልዶፍ ከአልትራቮክሱ ሚጅ ዩር ጋር ነጠላ ዜማ ጻፈ። ኅዳር 25 ቀን በለንደን ስቱዲዮ የተሰበሰቡት ዱራን ዱራን፣ ስፓንዳው ባሌ፣ ቦይ ጆርጅ፣ ባናናራማና ሌሎችም ብዙዎቹ የኒው ዌቭ ገበያ ያነገሣቸው ነበሩ። ሸክላው እስከ 1997 ድረስ በብሪታንያ ከሁሉ በላይ የተሸጠ ነጠላ ዜማ ሆኖ ቆየ፤ የተሰበሰበው ገንዘብም ነፍስ ለማዳን ውሏል፤ ይህን ማቃለል ነውር ነው። ሆኖም የዘፈኑ ርእስ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» ብሎ ይጠይቃል። በእኛ አቆጣጠር ያ የቀረጻ ቀን ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ የገና ጾም፣ ጾመ ነቢያት፣ በገባ በማግስቱ ማለት ነው። የሚዘፈንላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ረኃብ ሳያስገድዳቸውም የሚጾሙበት ወቅት ነበር። በዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ይህን የሚናገር አንድም ኢትዮጵያዊ ድምፅ አልነበረም። «ማን አሳተመው? በማን ድምፅ?» የሚለው ጥያቄ የሸክላ ሰብሳቢዎች ወግ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በሙዚቃ ታሪክ ላይ ለመጻፍ ያሰባችሁ ተማሪዎች፣ ስለ ማንቸስተርም ሆነ ስለ አዲስ አበባ ብትጽፉ፣ ከስልት ስሞች አትጀምሩ። ሸክላውን ወይም ካሴቱን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ፤ የአሳታሚውን፣ የአከፋፋዩንና የቀረጻውን ቦታ መዝግቡ። ውሉን ፈልጉ፤ ውሉ ከጠፋም የተዋዋሉትን ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። ከዚያ በኋላ ሙዚቃውን ደግማችሁ ስሙት።