ማያያዝ (ማውንት)፦ ሁለተኛ ዲስክ በዩኒክስ መሰል ስርዓተ ክወና

ማያያዝ በሊነክስ፣ በፍሪቢኤስዲና በሌሎች ዩኒክስ መሰል ስርዓተ ክወናዎች፣ በአንድ ዲስክ ላይ ያለን የፋይል ሥርዓት አስቀድሞ በተዘረጋው የማኅደሮች ዛፍ ውስጥ ቦታ ሰጥቶ ማስገባት ነው። ባለሙያዎች በየዕለቱ የሚጠሩት «ማውንት» እያሉ ነው። ዲስኩ የሚገባበት ማኅደር መያያዣ፣ ዲስኩን ከዛፉ ማውጣት ደግሞ ማላቀቅ ቢባል ያስኬዳል። «መጫን» የሚለው ቃል ቀድሞ አፍ ላይ ይመጣል፤ ነገር ግን ፕሮግራም መጫን፣ ፎቶ መጫን እየተባለ ሥራ በዝቶበታል፤ በዲስኩ ላይ አንዳች ነገር የሚጨመርም ያስመስላል። በማያያዝ ጊዜ በዲስኩ ላይ ያሉት ፋይሎች አይነኩም፤ አዲስ የሚከፈተው ወደ እነሱ የሚወስደው መንገድ ነው።

በዊንዶውስ እያንዳንዱ ዲስክ የራሱ ፊደል አለው። በዩኒክስ ግን በእዝባር (/) የሚወከል አንድ ሥር ብቻ አለ፤ ሁሉም ዲስክ ከዚያ ሥር ይገባል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1974 እ.ኤ.አ. ዩኒክስን ለሙያው ዓለም ባስተዋወቁበት ጽሑፍ የገለጹት ማሽን እያንዳንዳቸው 2.5 ሜጋባይት የሚይዙ አራት ተነቃይ ዲስኮች ነበሩት። ማያያዝ የዛፉን አንድ ቅጠል አንስቶ በምትኩ ሙሉ ቅርንጫፍ እንደሚተክል ያስረዱት ያኔ ነው፤ ዛሬም አሠራሩ ይኸው ነው።

የጅግጅጋ አንድ መሥሪያ ቤት መዛግብቱን የሚያስቀምጥበት የሊነክስ ሰርቨር ሞላና ሁለተኛ ዲስክ ተገዛለት እንበል። ዲስኩ በድንበር ከተማዋ በቶጎ ጫሌ በኩል የገባ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ዲስኩ ራሱ የሚይዘውን የጤንነት መዝገብ (ስማርት) ማንበብ ይገባል። ከተሰካ በኋላ ስርዓቱ የመጀመሪያውን ዲስክ ኤስዲኤ፣ ሁለተኛውን ኤስዲቢ ብሎ ሊጠራ ይችላል። የቱ የቱ እንደሆነ በመጠኑ ሳይለዩ ዲስኩን ወደ መከፋፈል መሄድ አደገኛ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፎርማት የሚያጠፋው የተሳሳተውን ዲስክ ሊሆን ይችላል። አሮጌው የክፍፍል ሠንጠረዥ፣ ኤምቢአር፣ በተለመደው አሠራር ከ2 ቴራባይት ገደማ በላይ መግለጽ ስለማይችል ለትልልቅ ዲስኮች አዲሱ ሠንጠረዥ፣ ጂፒቲ፣ ይመረጣል። ኤክስት4 የተባለው የሊነክስ የፋይል ሥርዓት ሲፈጠር ደግሞ ከቦታው 5 በመቶውን ለስርዓቱ አስተዳዳሪ ይቆጥባል። ይህ በ4 ቴራባይት ዲስክ 200 ጊጋባይት ገደማ ነውና፣ መረጃ ብቻ ለሚቀመጥበት ዲስክ መቀነሱ ተገቢ ነው።

ከዚህ በኋላ መያያዣው፣ ለምሳሌ «/መዝገብ»፣ ይፈጠርና ዲስኩ ይያያዛል። በትዕዛዝ ብቻ የተያያዘ ዲስክ ማሽኑ ሲጠፋ ይላቀቃል። ዘላቂ የሚሆነው ኤፍኤስታብ በተባለው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ሲጻፍለት ነው። በዚያ መስመር ኤስዲቢ የሚለውን ስም መጻፍ አይበጅም፤ ፍላሽ ተሰክቶ ማሽኑ ቢነሳ ስሙ ሊቀየር ይችላል። በፎርማት ጊዜ የሚፈጠረው መለያ ቁጥር፣ ዩዩአይዲ፣ ግን ከፋይል ሥርዓቱ ጋር ይኖራል።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ማሽኑ የሚነሳበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ዲስክ ሳይገኝ ከቀረ፣ ለማስነሻ ሲስተምዲ የተባለውን ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሊነክሶች እንደ ነባሪ 90 ሰከንድ ይጠብቁና ወደ አስቸኳይ ጥገና ሁኔታ ይገባሉ። ሰርቨሩ ቀብሪ በያህ፣ ባለሙያው ጅግጅጋ ከሆነ ይህ የጉዞ ጉዳይ ነው። «ኖፌይል» የሚለው አማራጭ ማሽኑ ያለ ዲስኩም እንዲነሳ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ሌላ አደጋ ይዞ ይመጣል፤ ዲስኩ ባይያያዝም «/መዝገብ» የሚባለው ባዶ ማኅደር በቦታው አለ፣ ፕሮግራሞችም በዝምታ እሱ ላይ እየጻፉ የመጀመሪያውን ዲስክ ይሞላሉ። በኋላ ዲስኩ ሲያያዝ እነዚያ ፋይሎች ከሥሩ ተሸፍነው ከዓይን ይሰወራሉ። መፍትሔው ዲስኩ ከመያያዙ በፊት ባዶውን ማኅደር ምንም እንዳይጻፍበት መቆለፍ ነው። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሲሆን ብዙ መመሪያዎች ግን ይዘሉታል።

በሶማሌ ክልል መሥሪያ ቤቶች የሶማሊኛ፣ የአማርኛና የዓረብኛ ሰነዶች ጎን ለጎን ሊቀመጡ ስለሚችሉ የፋይል ስም ርዝመትም መታወቅ አለበት። ኤክስት4 ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት አመዘጋገብ የላቲን ፊደል አንድ፣ የዓረብኛ ፊደል ሁለት፣ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። በመሆኑም የሶማሊኛ ስም እስከ 255፣ የአማርኛ ስም ግን እስከ 85 ፊደል ብቻ ሊረዝም ይችላል። የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ለግዕዝም 255 ፊደል ስለሚፈቅድ፣ ረጅም የደብዳቤ ርዕስ እንዳለ የፋይል ስም ከሆነ ወደ አዲሱ ዲስክ አይገለበጥም። ስሙን ማሳጠር የሚቀለው ቅጂው ከመጀመሩ በፊት ነው።

ዲስኩን መንቀል ሲያስፈልግ መጀመሪያ ማላቀቅ ግድ ነው፤ የተጻፈ የሚመስለው መረጃ በከፊል ገና በማሽኑ ማኅደረ ትውስታ (ራም) ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንድ ፕሮግራም ፋይል ከፍቶ ከሆነ ስርዓቱ ዲስኩ ሥራ ላይ ነው ብሎ ይከለክላል፤ ያን ፕሮግራም ፈልጎ መዝጋት ያስፈልጋል። የተላቀቀው ዲስክ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወር የፋይሎቹ ባለቤቶች በስም ሳይሆን በቁጥር ስለተመዘገቡ፣ በአዲሱ ማሽን ያ ቁጥር የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዲስኩ እዚያ ከተያያዘ በኋላ፣ ለሠራተኞች ከመከፈቱ በፊት፣ ባለቤትነቱ ተፈትሾ ይስተካከላል።