የብራይት ኤንጅል መንገድና ባለቤቶቹ

በአሜሪካ፥ በአሪዞና ግዛት፥ የኮሎራዶ ወንዝ በረሃማውን አምባ ሸርሽሮ የፈጠረው ግራንድ ካንየን የተባለው ሸለቆ 446 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ዛሬ ጐብኝዎች በእግር የሚወርዱበት የብራይት ኤንጅል መንገድ ለመንሸራሸሪያ ብቻ የተጠረገ ይመስላል፤ ታሪኩ ሲመረመር ግን የባለቤትነት ክርክር ሆኖ ይገኛል።

ገደሉ መውረጃ የሚሰጠው ዐለቱ በተሰነጠቀበት ስፍራ ነው። የአገሩ ነባር ሕዝብ ሐቫሱፓይ ይህን ስንጥቅ ተከትሎ እየወረደ፥ ከአፋፉ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ምንጭ አጠገብ ያርስ ነበር። ማዕድን ፈላጊዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1890ና በ1891 ያንኑ ዱካ አሰፉት፤ ከእነርሱም አንዱ ራልፍ ካሜሮን ከወራጁ ቀረጥ ይቀበል ጀመር። ቀረጡም ቈይቶ ወደ ኮኮኒኖ አውራጃ ተላለፈ።

ሸለቆው በ1919 ብሔራዊ ፓርክ በሆነ ጊዜ መንገዱ በፓርኩ እጅ አልነበረም፤ ስለዚህ ፓርኩ በ1924ና በ1925 ቀረጥ የሌለበትን የሳውዝ ካይባብን መንገድ አሠራ። ብራይት ኤንጅል በ1928 ለፓርኩ ተላለፈ፤ በዚያው ዓመት በምንጩ ዘንድ የቀረው የመጨረሻው የሐቫሱፓይ ነዋሪ እንዲወጣ ተደረገ።

ስፍራው ለብዙ ዘመን «የኢንዲያን አትክልት» ሲባል ኖሮ፥ በነገዱ ጥያቄ በ2022 «የሐቫሱፓይ አትክልት» ተብሎ ተሰየመ። ስሙ ተመለሰ፤ እርሻው ግን በፓርኩ ይዞታ ውስጥ ቀረ። እንግዲህ የመንገድን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያሰፋውን ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ የረገጠውንም ሊጠይቅ ይገባዋል።