በመካነ መቃብር የሚገኝ ጸጥታ

ከፉሪ ተነሥቶ ለጉዳዩ ወደ አዲስ አበባ የገባ ሰው ጥቂት ሰዓት ቢተርፈው፥ ወደ አራት ኪሎ ወጥቶ የመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴን ካቴድራል ቅጽር እንዲጐበኝ እንመክረዋለን። በዚያ የመኳንንት፥ የአርበኞችና የደራስያን መቃብር ይታያል። ስፍራው ለደከመ ልብ ዕረፍት ይሰጣል፤ ነገር ግን ጸጥታው በቀላሉ የተገኘ አይደለም።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ 60 ያህል ባለሥልጣኖችንና የጦር መኰንኖችን ያለ ፍርድ ገደለ። ከእነርሱም መካከል ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን ነበሩ። አስከሬናቸው በአንድ ጉድጓድ ስለ ተጣለ ሚስትና ልጅ ቆመው የሚያለቅሱበት መቃብር አጡ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 21 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሞቱ፤ የእርሳቸውም መቃብር ተሰወረ።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የተሰወረው ተገለጠ። የባለሥልጣኖቹ ዐፅም ወጥቶ በዚህ ቅጽር በክብር ዐረፈ። የንጉሠ ነገሥቱም ዐፅም በ1984 ዓ.ም. ተገኝቶ በበዓታ ለማርያም ከቆየ በኋላ፥ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በካቴድራሉ ውስጥ ከእቴጌ መነን አጠገብ ተቀበረ። ከሞት እስከ መቃብር 25 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ዮሴፍ በግብፅ ሳለ ዐፅሙን ይዘው እንዲወጡ ወንድሞቹን ማማሉ፥ ሙሴም መሐላውን መፈጸሙ የታወቀ ነው። መቃብር ቢያጣ ሙት ራሱ የሚጐድልበት የለም፤ ለሕያዋን ግን የአባትን ዐፅም ማረፊያ ማወቅ የፍትሕ መጀመሪያ ነው።

በዚሁ ቅጽር እንግሊዛዊቱ ሲልቪያ ፓንክረስት ዐርፈዋል። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፥ በ1928 ዓ.ም.፥ በአገራቸው ስለ ኢትዮጵያ የሚከራከር ጋዜጣ አቋቋሙ፤ በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ፤ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ዐርፈው በዚህ ተቀበሩ። ኢትዮጵያ ለባዕድ ወዳጇ ያላጓደለችውን ዐፈር ለገዛ ልጆቿ ብዙ ዘመን መንፈጓ ያሳዝናል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በዚያ ስትመላለስ ስሙን በቀስታ አንብብ። ሟቹ የሞተበትን ዘመንና በክብር የተቀበረበትን ዘመን ለይተህ አስብ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአገራችን ታሪክ ነውና።