ዳክስሁንድ

ዳክስሁንድ ከጀርመን አገር የመጣ፣ ጀርባው ረጅም እግሮቹ ግን በጣም አጭር የሆኑ የአደን ውሻ ዝርያ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚታወቀው በቤት ውስጥ በሚኖር የቤተሰብ ውሻነቱ ነው። ለአደን ተብሎ የተመረጠው የሰውነቱ ቅርጽ የዋና የጤና ችግሩም መነሻ ስለሆነ፣ ይህን ውሻ የሚያሳድግ ሰው ከሁሉ በፊት ስለ ጀርባው አጠባበቅ ማወቅ ይኖርበታል። በአማካይ ከ12 እስከ 16 ዓመት ይኖራል።

ስምና ታሪክ

ስሙ ከሁለት የጀርመንኛ ቃላት የተገኘ ነው፦ «ዳክስ» ማለት ባጀር፣ «ሁንድ» ማለት ውሻ ነው። ባጀር ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ ጠንካራ ጥፍርና ጥርስ ያለው የአውሮፓ የዱር እንስሳ ነው። የውሻው ሥራ ወደዚህ ጠባብ ጉድጓድ ገብቶ ባጀሩን መጋፈጥና፣ ከላይ ያለው አዳኝ ቦታውን እንዲያውቅ በኃይል መጮህ ነበር። ትናንሾቹ ዓይነቶች ጥንቸል ለማደን ያገለግሉ ነበር። ጀርመኖች በተለምዶ ውሻውን «ዳክል» ይሉታል፤ አዳኞች ደግሞ «ቴክል» ይሉታል። የጀርመን የቴክል ክለብ የተመሠረተው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ውሻው የጀርመን ምልክት ተደርጎ ስለታየ በብሪታንያና በአሜሪካ የነበረው ተወዳጅነት ቀንሶ ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. በሙኒክ ኦሎምፒክ ግን «ዋልዲ» የተባለ ባለ ብዙ ቀለም ዳክስሁንድ የመጀመሪያው ይፋዊ የኦሎምፒክ ማስኮት ሆነ። የማራቶኑ መንገድም በካርታ ላይ ሲታይ የዋልዲን ቅርጽ እንዲመስል ተደርጎ ተነደፈ። ኢትዮጵያዊው ማሞ ወልዴ የነሐስ ሜዳልያ ያገኘው በዚህ መንገድ ሮጦ ነው።

ዓይነቶች

ዳክስሁንድ በፀጉሩ በሦስት ይከፈላል፦ አጭርና ለስላሳ ፀጉር ያለው፣ ረጅም ፀጉር ያለው፣ ሻካራ ፀጉር ያለው። በመጠን ረገድ በአሜሪካ ሁለት ዓይነት አለ፤ መደበኛው ከ7 እስከ 14 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ድንኩ ከ5 ኪሎ ግራም አይበልጥም። በጀርመን ግን መጠኑ የሚለየው በደረቱ ዙሪያ ልክ ሲሆን፣ ከሁለቱ ሌላ «የጥንቸል ቴክል» የሚባል በጣም ትንሽ ዓይነት አለ።

ባህርይ

ብቻውን ጉድጓድ ገብቶ ከባጀር ጋር የሚፋለም ውሻ ደፋርና በራሱ የሚወስን መሆን ነበረበት። ስለዚህ ዳክስሁንድ ብልህ ቢሆንም እልኸኛ ነው፤ የታዘዘውን ተረድቶም ላይፈጽም ይችላል። ቁጣና ዱላ የባሰ እንዲፈራ ወይም እንዲናከስ ያደርጉታል። ትዕግሥት ያለው አጭር ልምምድና ትንሽ የምግብ ሽልማት የተሻለ ውጤት ይሰጣሉ። መሬት መቆፈር፣ ትናንሽ እንስሳትን ማሳደድ፣ ከቁመቱ ጋር በማይመጣጠን ወፍራም ድምፅ መጮህ የዝርያው ጠባይ ነው።

ለባለቤቱ ታማኝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ አንዱን ሰው አብልጦ ይወዳል። ለእንግዳ ሰው ግን ይጠራጠራል። በ2008 እ.ኤ.አ. የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የውሻ ባለቤቶችን ጠይቀው ባወጡት ጥናት፣ ዳክስሁንድ በሰውም ሆነ በሌሎች ውሾች ላይ የመቆጣት ጠባይ ጎልቶ ከታየባቸው ዝርያዎች አንዱ ነው። በመሆኑም ቡችላው ገና ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ ከተለያዩ ሰዎችና ድምፆች ጋር መለማመድ አለበት። ትናንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ውሻውን ከልጅ ጋር ብቻቸውን መተው አይገባም። ልጆችም ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት፣ ከፊት እግሮቹ ይዘው እንዳያንጠለጥሉት መማር አለባቸው።

አያያዝ

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ክብደትን መቆጣጠር ነው። ዳክስሁንድ ምግብ ይወዳል፣ በቀላሉም ይወፍራል፤ ትርፍ ክብደት ደግሞ በጀርባው ላይ ጫና ይጨምራል። የጎን አጥንቶቹ በእጅ ሲዳሰሱ በቀላሉ መታወቅ አለባቸው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ ለማንኛውም ውሻ መርዝ ናቸው፤ ስለዚህ ሽንኩርት የበዛበትን ወጥ ለውሻ መስጠት አይገባም።

በቀን ሁለት ጊዜ መጠነኛ የእግር ጉዞ ጡንቻውን ያጠነክርለታል። ሲወጣ አንገቱን ከሚያንቅ ይልቅ ደረቱን አቅፎ የሚይዝ ማሰሪያ ይመረጣል። ከሶፋና ከአልጋ ላይ እንዳይዘል፣ ደረጃም እንዳያዘወትር መከልከል ይገባል፤ በእርከን ፈንታ ተዳፋት ጣውላ ማስደገፍ ይቻላል። ሲነሣ አንድ እጅ ከደረቱ በታች፣ ሌላው ከኋላ እግሮቹ በታች ሆኖ ጀርባው አግድም እንደተዘረጋ መያዝ አለበት። ጥርሱን መቦረሽ፣ ጥፍሩን መቁረጥ፣ የተንጠለጠሉ ጆሮዎቹን መመርመር፣ የእብድ ውሻ በሽታና ሌሎች ክትባቶችን በጊዜው ማስከተብም ያስፈልጋል።

የጀርባ ሕመም

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባሉ፣ ውስጣቸው ለስላሳ የሆነ ትራሶች አሉ። በዳክስሁንድ እነዚህ ዲስኮች ገና በወጣትነቱ ይደርቃሉ፣ ይጠጥራሉም። የደረቀው ዲስክ ሲፈነዳ ወይም ከቦታው ሲወጣ ኅብለ ሰረሰሩን ይጫነዋል። ከአምስት ወይም ከአራት ዳክስሁንዶች አንዱ ያህል በሕይወት ዘመኑ ይህ ሕመም ያገኘዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

ምክንያቱ በዘር የሚወረስ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የውሾች እግር ማጠር «ኤፍ ጂ ኤፍ 4» ከተባለ ጂን ትርፍ ቅጂ እንደሚመጣ አሳየ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ በክሮሞሶም 12 ላይ ሌላ ቅጂ ተገኘ፤ ይህኛው እግርን ከማሳጠሩም በላይ ከዲስክ መድረቅ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ስለዚህ ጥሩ አያያዝ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም።

ምልክቶቹ ጀርባን ማጉበጥ፣ ሲነሣ መጮህ፣ ለመዝለል እምቢ ማለት፣ የኋላ እግሮችን መጎተት፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ናቸው። ምልክት የታየበት ውሻ ሳይንቀሳቀስ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለበት። ለሰው የተዘጋጀ እንደ ኢቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ ለውሻ መርዛማ ስለሆነ አይሰጠውም። ቀላል ሕመም በሐኪም መድኃኒትና ለሳምንታት በጠባብ ቦታ በማሳረፍ ሊድን ይችላል። ውሻው ስለተሻለው ብቻ ዕረፍቱን ማቋረጥ ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል። መራመድ ያቃተው ውሻ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። እግሩ ሲቆነጠጥ አሁንም ሕመም ከተሰማው የመዳን ተስፋው ከፍተኛ ነው፤ ስሜቱን ፈጽሞ ካጣ ግን ተስፋው ወደ ግማሽ ገደማ ስለሚወርድ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው።

ሌሎች ችግሮች

የጥርስ ሕመም፣ የዓይን ሬቲና መድከምና የሚጥል በሽታ በዝርያው ይታያሉ። ዝንጉርጉር ቀለም ያላቸው ሁለት ዳክስሁንዶች ሲዳቀሉ ከቡችሎቹ አንዳንዶቹ ደንቆሮ ወይም ዕውር ሆነው ሊወለዱ ስለሚችሉ፣ እንዲህ ያለው ማዳቀል አይመከርም።

ቡችላ መምረጥ

ቡችላ የሚወስድ ሰው ሁለቱም ወላጆች የጀርባ ሕመም ኖሯቸው እንደሆነ መጠየቅ አለበት። በዴንማርክና በፊንላንድ ለመራቢያ የሚታሰቡ ውሾች ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ በራጅ ታይተው የደረቁ ዲስኮቻቸው ይቆጠራሉ፤ ቁጥሩ የበዛባቸው ለመራቢያ አይመረጡም። ራጅ በማይገኝበት ቦታ፣ ዕድሜያቸው የገፋና ጀርባቸው ጤነኛ የሆነ ወላጆችና አያቶች ያሉት ቡችላ መምረጥ ይሻላል።